ስለ አጋጣሚና ስለ ጠፋው ሰይፍ

ሰው ማሰብ ሲደክመው የሚያርፍባቸው ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «አጋጣሚ ነው» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ተጽፎልኝ ነው» የሚለው ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ አንደኛው ነገሩ ባለቤት የለውም ሲል፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ከሰው በላይ ነው ይላልና። በሥራቸው ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚነገሩት ምርመራውን ለመዝጋት ነው። አንድ ነገር ሳናስበው ከእጃችን ሲገባ ወይም ከእጃችን ሲወጣ ከሁለቱ አንዱን ተናግረን መንገዳችንን እንቀጥላለን። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሳናቅደው የደረሰን ነገር ባለዕዳ ያደርገናልን ወይስ አያደርገንም?

ጥያቄው የሊቃውንት ነው፤ ምሳሌውን ግን ወጣቶች አጥብቀው ከሚወዱት ተረት መውሰድን መርጫለሁ። ይኸውም «ስታር ዋርስ»፣ ማለት «የከዋክብት ጦርነት» የተባለው የሲኒማ ታሪክ ነው። ጆርጅ ሉካስ የተባለው አሜሪካዊ የመጀመሪያውን ክፍል ለሕዝብ ያሳየው በ1977 ነው (ይህም ሆነ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሌሎች ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የዋናው ታሪክ ዘጠነኛና የመጨረሻ ክፍል የታየው በ2019 ነው። ስለዚህ አባት በወጣትነቱ የጀመረውን ተረት ልጁ ጐልማሳ ሆኖ ሲፈጸም አየው። በዚህ አርባ ሁለት ዓመት ውስጥ የታሪኩ ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር መከራከራቸውን አልተዉም። እኔም ክርክራቸውን ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። የሚከራከሩት ስለ መርከቦቹ ፍጥነት ወይም ስለ ውጊያው ብቻ አይደለም። ይልቁንም አብዝተው የሚጠይቁት፣ ይህን የሚያህል ግጥምጥሞሽ እንዴት ሊሆን ይችላል፣ የጠፋውስ ዕቃ በምን መንገድ ተመልሶ መጣ እያሉ ነው። ይህን የሰማ አንዳንድ ሽማግሌ «ሥራ ፈትነት ነው» ይላል። እኔ ግን በጨዋታ መልክ የቀረበ ትልቅ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድመን ስለ ግጥምጥሞሹ እንናገር። በመጀመሪያው ክፍል ልዕልት ሌያ የጠላትን ምሽግ ንድፍ አር ቱ ዲ ቱ በሚባል ትንሽ ሮቦት ውስጥ ደበቀች። ይህ ሮቦትና ጓደኛው ሲ ስሪ ፒ ኦ ከተያዘችው መርከብ በማምለጫ ታንኳ ወጡ። የጠላት ተኳሽ ታንኳይቱን አያት፤ ነገር ግን በውስጧ ነፍስ ያለው ፍጥረት የለም ብሎ ሳይተኩስ ተዋት። ሁለቱ ሮቦቶች ታቱዊን በምትባለው የአሸዋ ምድር ወርደው ተጣሉና በየራሳቸው መንገድ ሄዱ፤ ሆኖም ሁለቱም በዚያው ምድረ በዳ ውራጅ ብረት በሚለቅሙ ነጋዴዎች እጅ ወደቁ። ነጋዴዎቹም ሉክ ስካይዎከር የሚባል ወጣት ከሚያድግበት እርሻ አድርሰው ሸጧቸው። አጎቱ በመጀመሪያ የመረጠው ሌላ ቀይ ሮቦት ነበር፤ ያ ግን እዚያው ተበላሸ፤ በእርሱም ምትክ ምሥጢሩን የያዘው ገባ። ያ ወጣት ደግሞ ሮቦቱን የሚያሳድደው የቬደር ልጅ ሆኖ ተገኘ! ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ በ1999 በታየው ክፍል ቬደር ገና ሕፃን ሳለ ከሁለቱ ሮቦቶች አንዱን በገዛ እጁ እንደ ሠራው ተነገረ። ሰማይ ሙሉ ከዋክብት እያሉ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቤተ ሰብ ደጃፍ ላይ እንዴት ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ታሪኩን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ሰው ከዚህ ግጥምጥሞሽ ከፊሉ አጋጣሚ እንዳልሆነ ይገለጥለታል። የሌያ መርከብ ወደዚያች ምድር የቀረበችው በስሕተት አይደለም፤ ኦቢ ዋን ኬኖቢ የሚባለውን አሮጌ ጦረኛ ፍለጋ ነበር። ሽማግሌውም በዚያ በረሃ የኖረው መሄጃ አጥቶ አይደለም። በ2005 የታየው ክፍል እንደሚያስረዳው ሕፃኑን ሉክን ለዘመዶቹ አስረክቦ በአቅራቢያው የቀረ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ስሙን ለውጦ፣ ክብሩን ትቶ፣ የሰው ልጅ ከሩቅ ሲጠብቅ ኖረ። ሉክ ግን ይህን አያውቅም ነበር። ለእርሱ ሽማግሌው በበረሃ የሚኖር አንድ ብቸኛ ሰው ነው፤ በተቸገረ ቀን እርሱን ማግኘቱም ዕድል ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ እናገኛለን። እኛ ዕድል የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ድካም ነው። አንድ ተማሪ ከገጠር መጥቶ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲገባ «ዕድሌ ቀንቶ ነው» ይላል። እናቱ ለደብተር መግዣ እንቁላል ሸጣለች፤ ታላቅ እኅቱ እርሱ እንዲያጠና የእርሱን ሥራ ደርባ ሠርታለች፤ ታናሽ ወንድሙ ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ስለ ጠፋ ከትምህርት ቀርቷል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ «ዕድል» ብሎ መጥራት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ውለታን ማጥፋት ነው። ለዕድል ብድር የሚመልስ ማንም የለምና። ለእኅትና ለወንድም ግን ብድር ይመለሳል። ስለዚህ «አጋጣሚ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ከዚህ ነገር በስተ ጀርባ ሳላየው የደከመልኝ ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

አሁን ወደ ጠፋው ሰይፍ እንለፍ። በ1980 በታየው ክፍል ሉክ ከአባቱ ጋር ሲዋጋ ቀኝ እጁ ተቆረጠ፤ አባቱ በወጣትነቱ የታጠቀው፣ ለእርሱም የተላለፈለት የብርሃን ሰይፍ ከእጁ ጋር ከቤስፒን የደመና ከተማ ቁልቁል ወደ ገደል ወደቀ። ተመልካች ሁሉ በዚያው ጠፍቶ ቀረ ብሎ አመነ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ2015 በታየው ክፍል፣ ያው ሰይፍ ማዝ ካናታ በምትባል አሮጊት ግንብ ውስጥ፣ በምድር ቤት፣ በሣጥን ተቀምጦ ተገኘ። ያገኘችውም ሬይ የምትባል፣ ውራጅ ብረት እየለቀመች ያደገች ልጅ ናት። ሃን ሶሎ አሮጊቷን ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቃት፤ እርሷ ግን መልሱን ለሌላ ጊዜ አሳደረችው። ያ ሌላ ጊዜ በ2017ም ሆነ በ2019 በታዩት ክፍሎች ሳይመጣ ቀረ።

በዚህ ላይ ተከራካሪዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ይህ የደራሲ ስንፍና ነው፤ ሰይፉን ፈለጉት፣ መንገዱን ግን መፍጠር ደከማቸው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በዚያ ዓለም ሁሉን የሚያያይዝ ኃይል አለ፤ ሰይፉን ወደ ልጅቱ ያመጣው ያ ኃይል ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ክርክር በታሪኩ ውስጥም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። በ1977ቱ ክፍል ሽማግሌው ኦቢ ዋን በዕድል እንደማያምን ሲናገር፣ ሃን ሶሎ ደግሞ የሰውን ነገር የሚመራ ምንም ረቂቅ ኃይል እንደሌለ ይከራከራል።

ክርክሩ ከሲኒማም እጅግ የቀደመ ነው። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ቅኔና ስለ ቴአትር በጻፈው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ሰጥቷል። አርጎስ በምትባል ከተማ ሚቲስ ለሚባል ሰው ሐውልት ቆሞለት ነበር፤ ለሚቲስ ሞት ምክንያት የሆነው ሰው ያን ሐውልት ሲመለከት ሐውልቱ ወድቆበት ሞተ። ፈላስፋው እንደሚያስረዳው፣ እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ ቢሆንም እንኳ ዓላማ ያለው ስለሚመስል፣ ዝም ብሎ ከሚደርስ አጋጣሚ ይልቅ ሰውን ያስደንቃል። ይኸው ፈላስፋ ደግሞ የታሪክ ቋጠሮ ከራሱ ከታሪኩ መፈታት ሲገባው ከላይ በወረደ አምላክ ሲፈታ ነቅፏል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ከእርሱ ጥቂት ጥቂት ድጋፍ ያገኛሉ።

የእኔ ፍርድ ምንድር ነው? የመጀመሪያው ወገን አንድ እውነት ይዟል። ተረት የሚያወራ ሰው ለሰሚው ቃል ኪዳን ገብቷል፤ ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ሊል ግዴታ አለበት። በታሪክ መጀመሪያ ላይ ሰውን ወደ መከራ የሚጥል አጋጣሚ አያስቀይመንም፤ እኛም በሕይወታችን እንዲሁ ሳናስበው እንወድቃለንና። በመጨረሻ ላይ መጥቶ ሰውን ከመከራ የሚያወጣ አጋጣሚ ግን ድሉን ከባለ ታሪኩ እጅ ይሰርቃል። የደከመው ሰው ሳያሸንፍ አጋጣሚው አሸነፈ ማለት ነውና።

የሁለተኛው ወገን መልስ ደግሞ ለተረት ያምራል፤ ለኑሮ ግን አደገኛ ነው። «ኃይሉ ስለ ፈቀደ ነው» የሚለው ቃል ለማንኛውም ነገር መልስ ይሆናል፤ ለሁሉ የሚሆን መልስ ደግሞ ለአንዱም በቂ አይደለም። ሰይፉ ቢመለስ ኃይሉ ፈቅዶ ነው፤ ባይመለስም ኃይሉ ፈቅዶ ነው። በዚህ አነጋገር የሰው መሬት የወሰደ ሰው መሬቱ ለእርሱ የተጻፈ ነው ሊል ይችላል። በሹመት የከበረም ሰው ሹመቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዕጣው እንደ ሆነ ይናገራል። «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው ጥያቄ «ወደ እኔ መጣ» ብሎ መመለስ የብዙ ቀማኛ ልማድ ነው። ስለዚህ ሃን ሶሎ አሮጊቷን የጠየቀው ጥያቄ ለሌላ ጊዜ የሚያድር አልነበረም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ የዕቃውን መንገድ መጠየቅ ጨዋነት እንጂ ክፋት አይደለም።

ይህን የምለው ከአገራችን ታሪክ የተነሣ ጭምር ነው። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ዘርፎ ወሰደ። ከእነዚህም አንድ ታቦት በአንድ መኮንን እጅ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በኤዲንብራ ከተማ ለሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ከዚያም ተረስቶ በቁም ሣጥን ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ2001 የዚያ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አገኘው። ቄሱ ደግሞ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለ ነበረ፣ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቀ። ቤተ ክርስቲያኑም ታቦቱን ለመመለስ ተስማማ፤ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው።

ይህን ታሪክ አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው ኖሮ ተከራካሪዎቹ «ከዓለም ቀሳውስት ሁሉ ኢትዮጵያን የሚያውቀው ያን ቁም ሣጥን ከፈተ ማለት አይታመንም!» ብለው በነቀፉት ነበር። ነገር ግን ሆኗል። ሕይወት እንደ ደራሲ የሚታመን ነገር ብቻ እንድታቀርብ አትገደድም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አጋጣሚ የሠራውን ሥራና ሰው የሠራውን ሥራ ለይታችሁ ተመልከቱ። አጋጣሚ ቄሱን ከቁም ሣጥኑ ፊት አቆመው፤ ሥራው በዚሁ አለቀ። ዕቃውን መለየት የዕውቀት ሥራ ነው፤ «እጃችን ገብቷል፤ የእኛ ይሁን» አለማለትም የኅሊና ሥራ ነው። ማዝ ካናታ ሰይፉን በሣጥን ቆልፋ ያቆየችው፣ መንገዱንም ያልተናገረችው በተረት ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ሣጥኑን ከፍቶ መንገዱን የሚናገር ሰው ይበልጣል።

ስለ ዕውቀት ካነሣን ዘንድ ያ የብርሃን ሰይፍ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ ልንገራችሁ። ለመጀመሪያው ክፍል ዕቃ የማዘጋጀት ኃላፊነት የነበረው ሮጀር ክርስቲያን የሰይፉን እጀታ ሲፈልግ፣ በለንደን ከሚገኝ አንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ግራፍሌክስ ለሚባል ያረጀ ካሜራ የብልጭታ መብራት መያዣ የነበሩ የብረት ዘንጎች አገኘ። ዘመናቸው ያለፈ፣ ፈላጊ ያጡ ዕቃዎች ነበሩ። በእነርሱ ላይ ጥቂት ነገር ጨማምሮ፣ ዛሬ የዓለም ልጆች ሁሉ የሚያውቁትን ሰይፍ አወጣ። ያን ሱቅ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቶበት ይሆን? ዘንጉን ሁሉም ሊያየው ይችል ነበር፤ ሰይፍ መሆኑን ያየው ግን አስቀድሞ ሲያስብበት የቆየ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ የፈጣሪ ፈቃድ የለም ልትለን ነውን?» ሊለኝ ይችላል። እንዲህ አላልሁም። ነገር ግን በፈጣሪ ፈቃድ የሚያምን ሰው ከሌላው ይልቅ ኃላፊነቱ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የቂስን ልጅ ሳኦልን አስቡ። የአባቱ አህዮች ጠፉ፤ እርሱም ሊፈልግ ወጥቶ በመንገድ ከነቢዩ ከሳሙኤል ጋር ተገናኘ፤ አህያ ፍለጋ ሄዶ መንግሥት አገኘ። ከዚህ የበለጠ ግጥምጥሞሽ ወዴት ይገኛል? ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ ያገኘውን መንግሥት በገዛ ሥራው አጣው። ያልታሰበ መንገድ ዙፋን ላይ ያደርሳል፤ በዙፋኑ ላይ የሚያጸና ግን ምግባር ነው።

የጠፋ ነገር ሲመለስም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው የሳሞስ ገዢ ፖሊክራጥስ ሁሉ ነገር ስለ ተሳካለት፣ ወዳጁ የግብፅ ንጉሥ አማሲስ እጅግ የምትወደውን ነገር ጣል ብሎ መከረው። እርሱም የማኅተም ቀለበቱን ባሕር ውስጥ ጣለ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ትልቅ ዓሣ በእጅ መንሻ አመጣለት፤ ቀለበቱም ከዓሣው ሆድ ውስጥ ተገኘ። አማሲስ ይህን በሰማ ጊዜ ወዳጅነቱን አቋረጠ፤ የጣለው እንኳ የሚመለስለት ሰው ፍጻሜው እንደማያምር ተረድቶ ነበርና። በመጨረሻም ፖሊክራጥስ በፋርስ አገረ ገዢ እጅ ተገደለ።

ወደ ተረታችን ስመለስ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። ተከራካሪዎች በአጋጣሚ ስለ ወደቀው ሰይፍ ይህን ያህል ሲደክሙ፣ በፈቃድ ስለ ተጣለው ሰይፍ የሚያነሡት እምብዛም ነው። ሉክ የመጀመሪያው ሲጠፋበት በገዛ እጁ ሌላ ሰይፍ ሠርቶ ነበር። በ1983 በታየው ክፍል አባቱን በውጊያ አሸንፎ ከፊቱ ጣለው፤ ክፉው ንጉሠ ነገሥትም ግደለውና ቦታውን ውሰድ አለው። ሉክ ግን ሰይፉን ወረወረ። «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» የሚለው ተረታችን ጠላቱን ለመምታት ጦሩን ለወረወረ ሰው የተነገረ ነው፤ እዚህ ግን ላለመምታት የወረወረ ሰው ይበልጥ ጀግና ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም በ1977ቱ ክፍል ሃን ሶሎ ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ከውጊያው መካከል ተመልሶ ሉክን ያዳነው በአጋጣሚ ስላለፈ አይደለም፤ ኅሊናው ስላስመለሰው ነው። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ሥራ ማንም ግጥምጥሞሽ ብሎ አይጠራውም። ታሪኩን እስከ ዛሬ ያቆየውም እንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል።

ስለ ክርክሩ ጠባይም አንድ ቃል ልጨምር። በ2017 የታየውን ክፍል ብዙ ወዳጆች ሳይወዱት ቀሩ፤ አለመውደድ መብት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ በፊልሙ ውስጥ የተጫወተችውን ኬሊ ማሪ ትራንን በዘሯና በመልኳ እየሰደቡ ስላሳደዷት፣ በ2018 ከሕዝብ ጋር የምትነጋገርበትን ገጽ ባዶ አድርጋ ወጣች። የተረት ሰይፍ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከአፉ የወጣው ስድብ የት እንደሚወድቅ አለመጠየቁ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ተረቱ የሚያስተምረው ሰይፍ መጣልን ከሆነ፣ ተረቱን እወዳለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ምላሱን ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያልታሰበ ነገር ሲገጥማችሁ በችኰላ ስም አታውጡለት። ደስ የሚያሰኝ ሲሆን የደከመላችሁን ሰው ፈልጉና አመስግኑ። የተገኘ ዕቃ፣ የተገኘ ሥልጣን ወይም የተገኘ ገንዘብ ሲሆን በምን መንገድ እንደ መጣ ጠይቁ፤ ባለቤት ካለው ለባለቤቱ መልሱ። የሚያሳዝን ሲሆንም ዕድላችሁን ስትረግሙ ቀኑን አታሳልፉ፤ ከመከራው በኋላ የሚቀረው ሥራ የእናንተ ነውና።

ከሰማይ የወደቀው፣ በሣጥን የተደበቀው፣ በ2017ቱ ክፍል ለሁለት የተሰበረው፣ ኋላም የተጠገነው ያ ሰይፍ በ2019 መጨረሻው ምን ሆነ? ሬይ በጨርቅ ጠቅልላ በታቱዊን አሸዋ ውስጥ ቀበረችው። ሳይታሰብ የጠፋው፣ ሳይታሰብም የተገኘው ነገር በመጨረሻ ታስቦበት ተቀመጠ። ነገር ወደ እጃችን የሚገባበትን ቀን ሁልጊዜ አንመርጥም፤ በእጃችን ሳለ ስለ ሠራንበት ግን እንጠየቃለን።